ከጠረጴዛው የራቀ ፊደል

በ1852 ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ አንድ የጋራ የቴሌግራፍ ጣቢያ ተከፈተ። በጣቢያው ሁለት ጸሐፊዎች ይሠሩ ነበር፤ አንዱ የፈረንሳይ መንግሥት ተቀጣሪ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ያለው የባደን ግዛት ሰው። ከፓሪስ በሽቦ የመጣውን ቴሌግራም ፈረንሳዊው በእጁ ወረቀት ላይ ይገለብጠዋል፤ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ ለባልደረባው ይሰጠዋል፤ ያኛው ወደ ጀርመንኛ መልሶ በራሱ አገር ሽቦ እንደገና ይመታዋል። መልእክቱ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በቅጽበት አቋርጦ፣ የመጨረሻዋን አንዲት ክንድ በሰው እጅ ይሻገር ነበር ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ሲወሳ ክብሩ የሚሰጠው ለፈልሳፊዎች ነው፤ ለሞርስ፣ ለቤል፣ ለማርኮኒ። ያ የስትራስቡርግ ጠረጴዛ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። ሽቦው ነበረ፣ ባትሪው ነበረ፣ መሣሪያውም ነበረ፤ የጎደለው ስምምነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚያ ይነሳል። የዛሬውን ሞባይል ከአገር አገር የሚሠራ ዕቃ ያደረገው ተፎካካሪዎች ራሳቸውን በአንድ ሰነድ ለማሰር መፍቀዳቸው ነው፤ ከዚያ የተሻለ ፈጠራ በየቦታው ነበረ፣ ተበላሽቶም ቀርቷል። ሰነዱ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን ሰዎች ፍላጎትና ፍርሃት፣ ፊደላቸውን ሳይቀር ይዞ ይወጣል፤ ያልተቀመጡትም አለመኖራቸው ይታወቅበታል።

የስትራስቡርግ ችግር በየድንበሩ ስለነበረ መንግሥታት በሁለት በሦስት እየሆኑ መዋዋል ጀመሩ። ሜይ 17 ቀን 1865 ሃያ የአውሮፓ መንግሥታት ፓሪስ ላይ አንድ ውል ፈረሙ፤ በአገሮች መካከል ባለው መስመር የሞርስ መሣሪያ እንዲሠራበት፣ ዋጋው በፍራንክ እንዲተመን፣ የመልእክቱም ምስጢር እንዲጠበቅ ተስማሙ። ዛሬ ጄኔቭ የተቀመጠው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከዚህ ውል የተወለደ ነው፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1932 በማድሪድ ጉባኤ ሲሆን ኢትዮጵያም አባል የሆነችው በዚያው ዓመት ነው። አገራችንን የሚለየው 251፣ መጀመሪያው ላይ ያለችው 2 ቁጥር የአብዛኛውን አፍሪካ ክልል እንድታመለክት ያደረገው ይኸው ኅብረት ነው። ሆኖም ኅብረቱ የመንግሥታት ማኅበር ነበርና እርምጃው የመንግሥታት እርምጃ ነበር። የቴሌግራፍና የስልክ ኮሚቴው ምክረ ሐሳቦች በየአራት ዓመቱ በሚደረግ ጠቅላላ ጉባኤ ጸድቀው፣ ሽፋናቸው ቀይ ወይም ሰማያዊ በሆነ ጥራዝ ይታተሙ ነበር። ለሽቦ ስልክ ይህ ይበቃ ነበር።

ሞባይል ሲመጣ አውሮፓ ተመልሳ ስትራስቡርግ ላይ ተገኘች። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ፊንላንድ ከ1981 ጀምሮ የጋራ የመኪና ስልክ ዘረጉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ብሪታንያ የራሷን፣ ምዕራብ ጀርመን የራሷን፣ ፈረንሳይ የራሷን፣ ጣሊያንም የራሷን ዘረጋች፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይግባባም። ከሃምቡርግ ተነስቶ ፓሪስ የሚገባ ነጋዴ መኪናው ውስጥ ያስገጠመው ውድ ስልክ ድንበሩ ላይ ብረት ሆኖ ይቀርበታል። የአውሮፓ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አስተዳደሮች ጉባኤ፣ በአጭሩ ሴፕት፣ ይህን የሚያጠና ቡድን በ1982 አቋቁሞ ግሩፕ ስፔስያል ሞቢል የሚል የፈረንሳይኛ ስም ሰጠው። ጂኤስኤም የሚለው ምህጻር ከዚያ የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛው ፍች ኋላ የተለጠፈበት ነው። ቡድኑ በስዊድናዊው ቶማስ ሃውግ ሰብሳቢነት በዲሴምበር 1982 ስቶክሆልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኘ።

ፈጠራው ቀድሞ ስምምነቱ ይከተላል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ የሚፈርሰው ቀጥሎ በሆነው ነገር ነው። በ1986 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ስምንት የተለያዩ የሬዲዮ ሥርዓቶች ለፍተሻ ቀረቡ። ሁሉም ይሠሩ ነበር፤ ከትሮንድሃይም የመጣው የኖርዌይ ሙከራ በተለይ ጥሩ ውጤት አሳየ። በፌብሩዋሪ 1987 የማዴራ ደሴት ከተማ በሆነችው ፉንሻል በተደረገው ስብሰባ ከአሥራ አምስቱ አገሮች አሥራ ሦስቱ ወደ አንድ መንገድ አዘነበሉ፤ ሞገዱን በጠባብ ጠባብ መስመሮች ከፍሎ እያንዳንዱን መስመር ለስምንት ተነጋጋሪዎች በተራ ማካፈል። ተራው በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመላለስ ጆሮ መቆራረጡን አያውቅም። ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ግን ሰፊውን መስመር ያዙ፤ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱበት የየራሳቸው ኢንዱስትሪ ነበረና። የሴፕት ውሳኔ በመግባባት እንጂ በድምፅ ብልጫ አይጸናም ነበር፤ ስለዚህ ሁለት አገሮች አሥራ ሦስቱን ማስቆም ይችሉ ነበር። መሐንዲሶቹ የሚያውቁትን ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል። ነገሩ የተፈታው ሜይ 19 ቀን 1987 ቦን ላይ የፈረንሳይ፣ የምዕራብ ጀርመን፣ የጣሊያንና የብሪታንያ ሚኒስትሮች ተቀምጠው፣ ጥቂት ማስተካከያ የተደረገበትን ጠባቡን መንገድ ሲቀበሉ ነው። በእነዚያ ወራት የተወሰነው ነገር በመለኪያ መሣሪያ ብቻ የሚወሰን አልነበረም።

ከቦኑ ይልቅ እኔ የማደንቀው ግን ሴፕቴምበር 7 ቀን 1987 ኮፐንሃገን ላይ የተፈረመውን ወረቀት ነው፤ ሞባይልን በሚመለከቱ ታሪኮች ውስጥ ከሚገባው በታች የተወሳ ወረቀት ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ብሪታንያዊው የመንግሥት ሠራተኛ ስቲቨን ቴምፕል ነበር። ከአሥራ ሦስት አገሮች የመጡ አሥራ አምስት ፈራሚዎች በ1991 አገልግሎቱን እንከፍታለን ብለው ቃል ገቡ። የወረቀቱ ብልሃት ቀን መቁረጡ ላይ ነው። ስልክ አምራቹ ኔትወርክ ሳይኖር ስልክ አልሠራም ይላል፤ የኔትወርኩ ባለቤት ስልክ ሳይኖር አንቴና አልተክልም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንድ አገር ብቻውን ቢምልላቸው ገበያው ስለማይበቃ አያምኑትም፤ አሥራ ሦስት አገሮች በአንድ ቀን ሲፈርሙ ግን ፋብሪካ ለማቆም የሚያስችል ገበያ ይታያል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ማኅበረሰብ የ900 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሞገድ ለዚሁ እንዲጠበቅ መመሪያ አወጣ። በ1988 ደግሞ የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም፣ ኤትሲ፣ በደቡብ ፈረንሳይ ሶፊያ አንቲፖሊስ ተመሠረተ፤ በሴፕት የሚቀመጡት የመንግሥት አስተዳደሮች ብቻ ሲሆኑ ኤትሲ ግን ለአምራቾች ሙሉ ወንበር ሰጠ። የጂኤስኤም ሥራ በ1989 ወደዚያ ተዛወረ። ጁላይ 1 ቀን 1991 የቀድሞው የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሪ ሆልኬሪ በራዲዮሊንያ ኔትወርክ ለታምፔሬ ምክትል ከንቲባ ደወሉ። ቀኑ ተከበረ እንጂ በገበያ ላይ የሚሸጥ ስልክ ገና አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የጂኤስኤምን ሦስት ፊደላት መሐንዲሶቹ «አምላክ ሆይ፣ ሞባይል ስደድልን» ብለው እየፈቱ ይቀልዱ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። አሜሪካ የዚህ ተቃራኒ መንገድ ሄዳለች፤ የአሜሪካ መንግሥት ለሁለተኛው ትውልድ ሞባይል አንድ ደረጃ አላዘዘም፣ ኩባንያዎች የፈለጉትን እንዲመርጡ ለቀቃቸው። ከዚያ ነፃነት ውስጥ ሲዲኤምኤ ወጣ፤ በሳንዲዬጎ የተቋቋመው ኳልኮም ተነጋጋሪዎችን በተራ ከማሰለፍ ይልቅ ሁሉንም በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ አናግሮ፣ እያንዳንዱን በራሱ መለያ ኮድ የሚለይበት ዘዴ ነው። ለሦስተኛው ትውልድ ጊዜ ሲደርስ አውሮፓውያኑና ጃፓናውያኑም ራሳቸው ወደዚሁ ስልት ዞሩ። እንግዲህ ኮሚቴ ሁሉን በአንድ ልክ ቢያስር ኖሮ ይህ ዘዴ ከየት ይመጣ ነበር? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ኮሚቴ ለፈጠራ ጥሩ ማሕፀን አይደለም። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲዞር ስልኩን ብዙ ጊዜ ይጥላል፤ አውሮፓዊው ሲም ካርዱን ነቅሎ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይሰካል። አውስትራሊያ የኮፐንሃገኑን ስምምነት ስትፈርም ጂኤስኤም ከአውሮፓ ወጣ፤ አዲስ አበባ በ1999 ሞባይል ስትጀምር የመረጠችውም እሱን ነው። ምክንያቱ ለማንም አይሰወርም፤ ቀፎው ከብዙ ሻጭ ይገኛል፣ ዋጋው በፉክክር ይወርዳል። ሲዲኤምኤም ዓለምን ያዳረሰው በራሱ መንገድ ብቻ ሲሄድ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው ሲገባ ነው።

የገባበትም መንገድ ጠብ ያልተለየው ነበር። በዲሴምበር 1998 የአውሮፓ፣ የጃፓን፣ የኮሪያና የአሜሪካ ደረጃ አውጪዎች ተባብረው ስሪጂፒፒ የተባለውን የጋራ ፕሮጀክት መሠረቱ፤ ቻይናም ወዲያው ተከተለች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኳልኮም ወገን የሆኑት ስሪጂፒፒ ሁለት የሚል ሌላ አቆሙ። አንድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ይኖራል ተብሎ ሁለት ሆነ። ኳልኮምና ኤሪክሰን የፓተንት ክሳቸውን በማርች 1999 በስምምነት ሲዘጉ ቤቶቹ ሁለት ሆነው ቀጠሉ፤ ግን ሁለቱም መሥራት ቻሉ። በእኛም አገር የሁለተኛውን ቤት ፍሬ የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የሲዲኤምኤ ስልክ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ኢቪዲኦ ከዚያ የመጡ ናቸው። ፉክክሩ ያበቃው ኳልኮም በ2008 የራሱን የአራተኛ ትውልድ ዕቅድ አቁሞ ወደ ስሪጂፒፒው ኤልቲኢ ሲዞር ነው። ኤልቲኢ በ2009 መጨረሻ ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሞባይል አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ተፎካካሪዎች በዝግ ስብሰባ ተቀምጠው ሌላው ሁሉ የሚገዛበትን ሕግ ሲጽፉ ይህ ከነጋዴ አድማ በምን ይለያል? በጂኤስኤም ታሪክ ውስጥ ለዚህ ማስረጃ አለ። ያለነሱ ጂኤስኤም ስልክ መሥራት ከማይቻልባቸው ፓተንቶች ብዙዎቹን ሞቶሮላ ይዟቸው ነበር፤ ፈቃዱንም በገንዘብ ለሁሉም ከመሸጥ ይልቅ የሚያስፈልገው ፓተንት ካላቸው ከኤሪክሰን፣ ከኖኪያ፣ ከሲመንስና ከአልካቴል ጋር መለዋወጥን መረጠ። የሚለዋወጡት የሌላቸው የእስያ አምራቾች ለዓመታት ውጭ ቆሙ። ስለዚህ ደረጃው ክፍት ነበር ሲባል ማንም ሊያነበው ይችላል ማለት እንጂ ማንም ሊሠራው ይችላል ማለት አልነበረም። ኤትሲ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1994 የፓተንት ባለቤቶች ፈቃዳቸውን «ፍትሐዊ፣ ምክንያታዊና አድልዎ በሌለበት» ሁኔታ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ደንብ አወጣ። ምክንያታዊ ዋጋ ስንት ነው? ደንቡ አልተናገረም፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ፍርድ ቤት ጠበቆችን የሚያበላው ይህ ዝምታ ነው። ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ እንግዲህ ግማሽ ነው። ጠረጴዛው አድማ የመሆን ዝንባሌ አለው፤ ሆኖም አድማውን የሚያጋልጠው የተጻፈ ደንብና የተመዘገበ ስብሰባ ያለውም እዚያው ነው። ያለ ጠረጴዛ የሚሆነው ደግሞ የአንድ ኩባንያ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱ ደንብ እንኳ የለውም።

የደረጃው ባሕርይ ከፓተንት ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ግን አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። የጂኤስኤም መሐንዲሶች፣ በተለይ ጀርመናዊው ፍሪድሄልም ሂለብራንድ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ መልእክቱን 160 ፊደል ላይ ወሰኑት። ኔትወርኩ ለራሱ መቆጣጠሪያ በሚጠቀምበት ቀጭን መስመር ላይ ትርፍ ቦታ ነበር፤ የሚተርፈው 140 ባይት ነው። እያንዳንዱን ፊደል በስምንት ቢት ፋንታ በሰባት ቢጽፉት 160 ይገባል። ሰባት ቢት 128 ቦታ ይሰጣል። እነዚህን 128 ቦታዎች ማን እንደሞላቸው ሲታይ የተሰብሳቢዎቹ ስም ዝርዝር የተነበበ ይመስላል። የእንግሊዝኛው ሆሄ ሙሉ በሙሉ አለ። የስዊድን፣ የዴንማርክና የኖርዌይ ልዩ ፊደላት አሉ፤ የጀርመኑ ድርብ ኤስ አለ፤ የስፔን የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት ሳይቀር አለ። የግሪክ ትላልቅ ሆሄያት ገብተዋል፣ ግን ከላቲን ጋር የማይመሳሰሉት አሥሩ ብቻ፤ ለቀሩት ግሪካዊው የላቲኑን ይዋስ ተብሎ ነው። የፓውንድና የየን ምልክት ቦታ አግኝተዋል። ዩሮ ገና አልተወለደም ነበርና ሲመጣ ከገበታው ውጭ ባለ ተቀጽላ ገባ፤ አንድ የዩሮ ምልክት እስከ ዛሬ የሁለት ፊደል ቦታ ትበላለች።

ግዕዝ በዚያ ገበታ ላይ የለም። የዩኒኮድ ማኅበር የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒውተር መለያ የመዘገበው በ1999 በሦስተኛው ዕትሙ ነው፤ አዲስ አበባ ሞባይል የጀመረችበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው። የዚያ ዘመን ቀፎዎች አማርኛ ማሳየት ስለማይችሉ ሰው በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ለመደ፤ ልማዱ ፊደሉ ስልኩ ላይ ከመጣ በኋላም አልለቀቀም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ መልእክት ዛሬም የሚሄደው ለእያንዳንዱ ፊደል አሥራ ስድስት ቢት በሚፈልገው ሁለተኛ መንገድ ነው፤ 140 ባይት ውስጥ የሚገባው 70 ፊደል ብቻ ነው። በላቲን በተጻፈ ረጅም መልእክት መካከል አንዲት «ሀ» ብትገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ይወርዳል፤ ከ70 ካለፈም በ67 በ67 እየተቆረጠ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በቁራጭ ነው። ለፍትሕ ሲባል ግን ሌላውን ጎን ማስላት ይገባል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ከላቲኑ ያነሰ ቁጥር ይበቃዋል። «ሰላም» በግዕዝ ሦስት፣ በላቲን አምስት ፊደል ነው፤ በቢት ሲቆጠር አርባ ስምንት በሠላሳ አምስት። ጉዳቱ 70 ለ160 የሚለው ቁጥር እንደሚያስፈራው ከእጥፍ በላይ አይደለም፤ ግን አለ።

ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ ሆኖ በ128 ቦታ እንዴት ይገባል፣ ጥፋቱ የማን ነው ይባል ይሆናል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ማንም ሆን ብሎ አላስወጣንም። ነገር ግን ገበታው ተዘግቶ አልቀረም። ስሪጂፒፒ ኋላ ላይ ተለዋጭ ገበታዎችን ፈቀደ፤ በመልእክቱ ራስ ላይ «ይህ የዚህ ቋንቋ ገበታ ነው» የሚል ምልክት ይቀመጥና ሰባቱ ቢቶች ሌላ ፊደል ያነባሉ፤ በዋናው ገበታ ላይም ተጨማሪ ገበታ መደረብ ይቻላል። በስምንተኛው ዕትም ቱርክኛ ገባ፤ በዘጠነኛው ሂንዲ፣ ቤንጋሊ፣ ታሚል፣ ኡርዱና ሌሎች የሕንድ ክፍለ አህጉር ቋንቋዎች ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አናባቢን ከተነባቢ ጋር የሚያቆራኙ፣ ለላቲን ሚዛን የማይመቹ ጽሕፈቶች ናቸው። የገቡት ስለቀለሉ ሳይሆን ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ስብሰባ ድረስ ሄዶ የተከራከረላቸው ስለነበረ ነው። ዛሬ መልእክት በኢንተርኔት ስለሚላክ ነገሩ አርጅቷል የሚል ካለ ከባንክና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣውን አጭር መልእክት ይቁጠር።

ሕንድ በፊደል ብቻ አልቆመችም። የራሷ ደረጃ አውጪ ማኅበር በ2015 የስሪጂፒፒ አጋር ሆነ። ለአምስተኛው ትውልድ የሚወዳደሩ ሥርዓቶች የሚመዘኑበት መስፈርት ዓለም አቀፉ ኅብረት ዘንድ ሲረቀቅ ለገጠር ሙከራ የተያዘው የአንቴና ለአንቴና ርቀት 1,732 ሜትር ነበር። ይህ የአውሮፓ ገጠር ነው፤ መንገዱ ሁሉ አንቴና ያለው፣ ተጠቃሚውም በፈጣን መኪና የሚያልፍ። የሕንድ መሐንዲሶች በዝግታ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚኖርበት፣ አንቴናውም የሚራራቅበት ሌላ የገጠር መመዘኛ ይጨመር ብለው ተከራከሩ፤ ኅብረቱ ተቀብሎ 6 ኪሎ ሜትር የሆነ መመዘኛ ጨመረ። በርቀቱ ላይ ተመሥርተው ያዘጋጁት የራሳቸው ደረጃ ብዙ ኩባንያ ስላልተከተለው ብቻውን መቆም አልቻለም፤ በ2022 ከስሪጂፒፒ አሥራ ሰባተኛ ዕትም ጋር እንዲዋሐድ ተደረገ። ክርክሩን በአንድ በኩል ተሸንፈው በሌላ በኩል አሸንፈዋል ማለት ነው፤ ሕንድ ከጠረጴዛው አልተነሳችም፣ ስድስት ኪሎ ሜትሩም ሰነዱ ውስጥ ቀርቷል።

የስሪጂፒፒ አጋር ማኅበራት ዛሬ ሰባት ናቸው፤ ሁለት ከጃፓን፣ አንድ አንድ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካ፣ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከሕንድ። ከአፍሪካ የመጣ የለም። በሩ ተቆልፎ አይደለም፤ የአፍሪካ ኩባንያ ወይም ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በኤትሲ አባልነት በኩል መግባት ይችላል፤ መዋጮውን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ከሁሉም በላይ በየሁለትና በየሦስት ወሩ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ለዓመታት እየተመላለሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማስገባት የሚከራከሩ ሰዎችን ደመወዝ መቻል ነው ጣጣው። የሕንድ ስድስት ኪሎ ሜትር የተለካው በሜዳ ላይ ነው። ተራራ ላይ የቆመ አንቴና ሥሩ ያለውን ሸለቆ ዘሎ ማዶ ላለው አምባ ሲደርስ ምን ያህል ይለካ የሚለው ጥያቄ በየትኛውም መመዘኛ ውስጥ ገና ዓምድ አላገኘም።